ሰዓቱን አየሁት፤ ትክክል ነው

ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለምስክር፣

ከላይፕዚግ ብርድ ጋር እንዴት ከርመሃል? እኔና ወንድሜ ክንዱ ደኅና ነን፤ ክረምቱም ጣራችንን ሳያነሣ አለፈ። እናትህ አክስቴ አገሬ መስቀልን እኛ ዘንድ ውለው ትናንት ወደ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ተመለሱ። ሲሄዱ ያገራቸውን ታቦት ሁሉ እየጠሩ መረቁህ፤ እኔም ምርቃቱን በአደራ ተቀብዬ ይኸው አድርሻለሁ።

የላክህልኝ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ተነቦ አልቋል። ድምፄን በሲዲ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ያን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ግን ጤነኛ ነው? «ጭቃ የነካው ጫማ ጧት ፀሐይ ላይ ተሰጣ» እያልኩ ስጮህ የሰማኝ ጎረቤት ጠበል ውሰዷት ብሏል። የቀዳሁት ከቤታችን ኋላ ባለው የእህል ክፍል ውስጥ፣ በጤፍ ጆንያ መሐል ተቀምጬ ነው፤ ጆንያው የባጃጁንና የጋሪውን ጩኸት ይውጥልኛል። ክንዱ በር ላይ ቆሞ ሰው ይከለክላል። ክንፈሚካኤል ደግሞ ከጆንያው ማዶ ሆኖ ያስቀኛል። ድምፄ ውስጥ ሳቅ ከሰማህ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ክንፈሚካኤል ማን ነው እንዳትለኝ ልንገርህ። የመብራት ቴክኒሻን ነው፤ ለዓመት ያህል ማመልከቻ ሊያስጽፍ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቴ ሲመላለስ ምን የሚያመለክተው ነገር እንደበዛበት ይገርመኝ ነበር። በሐምሌ ሽማግሌ ላከ። እኔም እሺ አልኩ፤ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ክንዱን ታውቀዋለህ። ኩፍኝ ዓይኑን ከወሰደበት ጀምሮ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ዲግሪውን የያዘው በጆሮው ነው፤ ዛሬም ታሪክ የሚያስተምረው ማታ ያነበብኩለትን ጧት ይዞ ሄዶ ነው። እናቴ ስትሞት እጁን እጄ ላይ አድርጋ አደራ ብላኛለች። ስለዚህ ክንዱ በራሱ ማንበብ የቻለ ዕለት እንጂ ከዚያ በፊት ከዚህ ቤት አልወጣም። ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ያንተ ፕሮግራም ለሌላው ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን መውጫ በር ነው።

የክንዱን መጻሕፍት ከወዲሁ እየተየብኩ ነው። አንደኛውንም ኮምፒውተር ለይቼለታለሁ። ያው ዕዳው ብዙ ነው፤ በተለይ ቀኑ ያስቸግረኛል። ደንበኞቼ ማመልከቻቸው ላይ የፈረንጅ ዓመተ ምሕረት ሲያዩ ይቆጣሉ፤ ስለዚህ ማሽኖቹን በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ሞልቼ፣ ወር በገባ ቁጥር በእጄ አስተካክላለሁ። ጳጉሜን የሚባል ነገርማ ጭራሽ አይገባቸውም።

ጻፍልኝ። ስልኩ ይቆራረጣል፤ የኢንተርኔት ቤቱም መስመር ሰልፍ ነው። ደብዳቤ ይሻለናል።

እህትህ ታንጉት

*

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

እታለም ታንጉት፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ቤትሽ ይሙላ። ክንዱን ሳሚልኝ። ክንፈሚካኤልንም ገና ሳላየው ወድጄዋለሁ በይልኝ።

ሲዲዎቹ ሳይጫሩ ደረሱ። መጀመሪያ የከፈትኳቸው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ፕሮፌሰሬ አንዲት ቃል ሳይገባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙሽና «ይቺ ሴት ደስተኛ ናት» አሉኝ። የጫማው ጭቃ ላይ ስትደርሺ ያፈንሽው ሳቅ ይሰማል፤ አላወጣሁትም፤ ይቆይ።

የምሠራውን ላስረዳሽ። ድምፅሽን እንደ ሽንኩርት ከትፌ ከትፌ እያንዳንዷን ድምፅ ለብቻዋ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ማሽኑ የተጻፈ ነገር ሲሰጠው ቁርጥራጩን እየቀጠለ ያነባል፤ ያላነበብሽውንም ቢሆን ባንቺ ድምፅ ያነባል። ፕሮግራሙ የእኔ ብቻ አይደለም። በየአገሩ ያለ ሰው በነጻ የሚሠራው፣ አንድ የጋራ ማከማቻ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ማንም ገብቶ ሊያየውና ሊወስደው የሚችል ነው። አማርኛው ግን ከባዶ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ለፋሲካ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ጠቅ ስታደርጊው ራሱ የሚገባ አድርጌ እልክልሻለሁ። ሠርግሽን ለዳግማይ ትንሣኤ አድርጊው፤ እኔም ልመጣ እሞክራለሁ። ለእናቴ በየበዓሉ እደውላለሁ፤ አንቺም ስታገኚያት ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ምስክር

*

ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለምስክር፣

እንኳን ከጾሙ ወደ ፍስኩ አሸጋገረህ። ፋሲካ አለፈ፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። አክስቴ አገሬ ያንተን ስልክ ሲጠብቁ ዶሮው ቀዝቅዞባቸው በሁለተኛው ቀን ደወልክላቸው አሉ። ቅሬታ እንዳይመስልህ፤ ሲነግሩኝ እየሣቁ ነው።

እኔም የምጠብቀውን ታውቃለህ። ከኅዳር ወዲህ ካንተ ሌላ ወረቀት አልመጣልኝም። ክንፈሚካኤል መጋቢት ላይ ወደ ጢስ ዓባይ ተዛውሯል። አሁን እዚያ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ አንደኛዋ የእኔ ናት እያለ ባዶዋን ዘግቶ አስቀምጧታል። እኛ ደግሞ መብራት በፈረቃ ሆኖብናል። እጮኛዬ መብራት ከሚመነጭበት ቦታ እየሠራ እኔ በሻማ እተይባለሁ ስለው እሱ አይስቅም፤ ሰውየው ስለ ሥራው ቀልድ አይወድም።

ክንዱን ለሌላ ሰው ላስለምደው ሞክሬ ነበር። ጎረቤታችን ወይኒቱ ጥሩ አድርጋ ታነባለች፤ ግን ሁለት ምሽት ሰምቷት ሦስተኛው ላይ ራሴን አሞኛል ብሎ ተኛ። ዝውውርም ጠይቆ ነበር፤ ጢስ ዓባይ ቦታ የለም ብለው መለሱት። ስለ ሠርጉ ስናወራ ደስ ብሎኛል ይላል። ፊቱን ግን ታውቀዋለህ፤ ምንም አይነበብበትም።

እንግዲህ ፕሮግራሙ ከምን ደረሰ? ቢዘገይም ግድ የለም፤ መዘግየቱን ንገረኝና እኔም ለሰውየው የምለው ይኑረኝ።

እህትህ ታንጉት

*

ላይፕዚግ፣ ጁላይ 20 ቀን 2009

ውድ ታንጉት፣

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዝምታዬ ይቅርታ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ጉሮሮዬን ይዞኝ ነበር። ከዚያም ሥራዬን ለማቅረብ ፖርቱጋል ሄጄ አሁን ገና ተመለስኩ። አዳራሹ ውስጥ ድምፅሽ ሲሰማ ብታዪ! አንዲት ብራዚላዊት አቅፋ ሳመችኝ። አሁን ብራዚልም ኮሪያም ያሉ ሰዎች አማርኛውን አውርደው እየሞከሩት ነው።

አንድ ችግር አለ። አማርኛው ተፈትኖ ለሕዝብ በሚለቀቀው ጥቅል ውስጥ ገና አልገባም። ያለው ገንቢዎቹ በምንሠራበት ማከማቻ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቅ ተደርጎ የሚገባ ነገር የለም፤ ጥሬውን የፕሮግራም ጽሑፍ ወስዶ እዚያው ማሽኑ ላይ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ አስቀይሮ መጫን ያስፈልጋል። አትፍሪ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትና ሙሉውን ጥሬ ጽሑፍ በሲዲ ልኬልሻለሁ። ማስገቢያው ሰነድ ላይ ትእዛዞቹ በቅደም ተከተል አሉ። መጀመሪያ ማሽኑ የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን ይፈትሻል፤ ቀጥሎ ይገነባል፤ በመጨረሻ ይጭናል። አንቺ ፈጣን ጸሐፊ ስለሆንሽ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም።

ሁሉም ነገር ክፍት ነው። ማንም አይከለክልሽም፤ ፈቃድም አትጠይቂም።

ምስክር

*

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለምስክር፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ምሩቅ ሆነሃልና እንኳን ደስ ያለህ፤ አክስቴ አገሬ ለማኅበሩ ሰው ጠላ ጠምቀው በስምህ አብልተው አጠጥተዋል።

ሲዲዎቹ በመስከረም ደረሱኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ያልከው ነገር እስከ ኅዳር አደረሰኝ። ሊኑክሱ በደህና ገባ። የአንተን ፕሮግራም ስጀምረው ግን ያላዘጋጀሁለት እንግዳ ሆነብኝ። መፈተሽ ይጀምርና እንዲህ የሚባል ነገር የለም ብሎ ቆሞ ይቀራል። የጎደለውን ለማውረድ ባሕር ዳር ድረስ ተሳፍሬ ሄጄ፣ በፍላሽ ይዤ መጥቼ ሳስገባለት፣ ያመጣሁት ነገር ደግሞ በተራው ሌላ ይጠይቃል። ሁለተኛ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት የዩኒቨርሲቲ ልጅ ባንድ ላይ የሚያስፈልገውን ሁሉ ባያወርድልኝ ኖሮ ዛሬም አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ሁሉም ክፍት ነው ስትል በሩ ማለትህ ከሆነ እውነት ነው፤ መንገዱን ግን አልነገርከኝም።

አሁን የጎደለ ነገር የለም። የቀረው አንድ ነው። ትናንት መፈተሹን ስጀምረው አሁን የተፈጠረው ፋይል አብረው ከመጡት ፋይሎች ያረጀ ነው አለኝ። ቀጥሎም የማሽንህን ሰዓት ተመልከት አለና ቆመ። ተመለከትኩ። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፣ የእጄን አየሁ፣ ሬዲዮም ከፈትኩ። ሰዓቱ ትክክል ነው። ቀኑም ኅዳር ሁለት ይላል፤ ኅዳር ሁለት ነበር። ደግሜ ብሞክር ያንኑ አለኝ። ትርጉሙ ቢገባው ብዬ ለክንዱ አነበብኩለት። እሱም እንደገና እንዳነብለት ጠየቀኝና ውኃ ስጪኝ አለ።

እባክህ ቶሎ መልስልኝ። ሠርጉን ለጥር አስበነዋል። ክንፈሚካኤል አልጋ አሠርቷል።

እህትህ ታንጉት

*

ላይፕዚግ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2010

ውድ ታንጉት፣

ሰላም ነሽ? ደብዳቤሽን ያነበብኩት በቅርቡ ነው፤ አዲስ ሥራ ጀምሬ ቤት ቀይሬያለሁ፤ አድራሻዬ ከታች አለ።

ያልሽው ስሕተት የሚመጣው የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ ሲቀር ነው። ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ደግሞ ሲዲውን ስትገለብጪ አበላሽተሽዋል ማለት ነው። ሁሉንም አጥፊና ከመጀመሪያው ጀምሪ። ሰነዱ ላይ ያለውን መስመር በመስመር ተከተይ፤ ከራስሽ አትጨምሪ። እስካሁን ከየትም አገር ይህ አጋጠመኝ ያለ ሰው የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አማርኛው ጥያቄ ሲያነብ ድምፁ አይነሣም የሚል አስተያየት በዝቶብናል። ሌላ ሦስት መቶ ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም ጥያቄ የሆነ፣ ልኬልሻለሁ። እንደ በፊቱ አድርገሽ አንብቢልኝ። ያን ደስ ያለውን ድምፅሽን አትርሺው፤ አለዚያ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። ለሚቀጥለው ዕትም ስለሚያስፈልግ እስከ ኤፕሪል ቢደርስልኝ ጥሩ ነው።

ምስክር

*

ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለምስክር፣

ሰላም ላንተ ይሁን። አክስቴ አገሬ ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ሁሉንም አጥፍቼ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሰዓትህን ተመልከት ይለኛል፤ እመለከታለሁ፤ ትክክል ነው። ሲዲውን የባሕር ዳሩ ልጅ በራሱ ማሽን ሞክሮት አንድም ነገር ሳይጎድል ሠርቶለታል። በስልክ ሲያሰማኝ ድምፄ ከመንገድ ማዶ እንዳለ ሰው መጣልኝ። ስለዚህ እኔ ነኝ አበላሽተሻል የተባልኩት? አሥራ አንድ ዓመት በጽሕፈት እንጀራ በልቻለሁ፤ መገልበጥ ይጠፋኛል? ልጁን ፍኖተ ሰላም መጥተህ እይልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ፈተና ላይ ነኝ አለኝ። የእሱን ማሽን አምጥቼ ክንዱ ፊት ባቆም ደስ ባለኝ፤ ግን የእሱ ነው።

ጥያቄዎቹን አላነብም። ያን ደስ ያለውን ድምፅሽን ትለኛለህ፤ ከየት ላምጣው? የእህል ክፍሉ ሄጄ ቁጭ ብዬ ነበር። አንደኛውን ጥያቄ አንብቤ ስሰማው የታመመች ሴት ድምፅ ሆነብኝ፤ ደመሰስኩት። ጥር አለፈ። ክንፈሚካኤል ለፋሲካ መጥቶ እናቱ እየደከሙ መሆናቸውን ነገረኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እስከ ሰኔ ጠብቄ እናቴ ያሉትን አደርጋለሁ አለና እጄን ይዞ ብዙ ተቀመጠ።

ጽሕፈት ቤቴ በምርጫ ወረቀት ተጨናንቋል፤ ሁሉም ለሕዝብ ቆሜያለሁ ይላል። ከሥራ ስመለስ ማስገቢያ ሰነድህን መስመር በመስመር ተከተይ እንዳልከኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከታች ምስጋና አለው። ፕሮፌሰሩ አሉ፤ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት አለ፤ ብራዚላዊቷ በሙሉ ስሟ አለች። ቀጥሎ «ድምፅ፦ አንዲት ሴት ተናጋሪ» ይላል። ያችን መስመር ለክንዱ ሳነብለት እሱ እንኳ አፈረልህ።

ምስክር፣ ዓለም ሁሉ ያወረደውን እኔ ማግኘት ካልቻልኩ ድምፄን አውጣልኝ። ከዚያ ማከማቻ አውጥተህ ደምስሰው። ወይም ሰኔ ሳይመጣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ንገረኝ። ከሁለቱ አንዱን።

ታንጉት

*

ላይፕዚግ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2010፣
በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ መልስ አልጻፍኩም። ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ ተናድጄብሽ ነበር። ወራቱ እንዲሁ ሄደ።

ትናንት መሥሪያ ቤት ከምድር ቤት የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አውጥቼ ፕሮግራሙን ልሞክርበት አልኩ። ባትሪው ሞቶ ኖሮ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል። ያንቺን ስሕተት ቃል በቃል አወጣልኝ። ፋይሎቹ ነገ የተሠሩ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አልገነባም ይላል። ያን ጊዜ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። የደብዳቤሽን ቀን አየሁ። ሁለት ሺህ ሁለት።

ማሽንሽ ሁለት ሺህ ሁለት ላይ ነው አይደል? እኔ የላክሁልሽ ፋይል ደግሞ ሁለት ሺህ ዘጠኝ የተሠራ ነው። ለማሽኑ ሰባት ዓመት ገና አልደረሰም። ሰዓትሽ ትክክል ነበር፤ ለእኛ አገር ትክክል ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት። እንዴት እንደረሳሁት ለራሴም አይገባኝም፤ ቋሪት ተወልጄ አድጌ።

ለማሽኑ የፈረንጅ ዓመት፣ ወርና ሰዓት ሙዪለት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ድምፅሽን አውጣ ያልሽኝን ግን ልፈጽምልሽ አልችልም። ፈቃዱ አንዴ ለሁሉ የተሰጠ ነው፤ እኔ ዘንድ ያለውን ብደመስስ እንኳ በየአገሩ በየሰዉ ማሽን ውስጥ አለ። ስምሽን ግን ዛሬውኑ በመጀመሪያው መስመር ላይ እጽፈዋለሁ።

ክንፈሚካኤልስ? ንገሪኝ። ለገና እደውላለሁ።

ወንድምሽ ምስክር

*

ቡሬ፣ ጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለምስክር፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ጤናህንም አይንሳህ። ከቡሬ የምጽፍልህ ለምን እንደሆነ ከታች ታገኘዋለህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ የክንፈሚካኤል ሠርግ ካለፈ በኋላ ነው። በጥቅምት መጨረሻ አገባ። ልጅቷን አላውቃትም፤ ደግ ናት አሉ። ያን አልጋ ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩም።

ቢሆንም ያልከኝን አደረግኩ። ዓመቱን ሞላሁ፣ ወሩን ሞላሁ፣ ሰዓቱን ሞላሁ። ከዚያ ጀመርኩት። መፈተሹን ጨረሰ፤ መገንባት ጀመረ፤ ጽሑፉ እንደ ውኃ ወረደ። ቡናዬን ሳልጨርስ ተጫነ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ያችን ታህል ነበር። መጀመሪያ ደብዳቤዬ ላይ ማሽኖቹን በእኛ ቀን እንደምሞላ ጽፌልህ ነበር፤ ካስቀመጥከው አውጥተህ እየው። አሁን መውቀሴ አይደለም። ወቀሳውን በሌላ ሰው ላይ ጨርሼዋለሁ።

ክንዱን ጠርቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና ከተየብኩለት መጽሐፍ አንዱን ከፈትኩለት። ድምፄ ማንበብ ጀመረ። ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ደስ እንዲለው ጠበቅኩ፤ እንዲገርመውም ጠበቅኩ። አልገረመውም። እንዴት እንደተስተካከለ እንኳ አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ስሕተቱን ባነበብኩለት ቀን የጠየቀኝ ውኃ ትዝ አለኝ። ክንዱ የታሪክ መምህር ነው፤ የእኛን ዓመት ከፈረንጁ ሲያስታርቅ የሚውል ሰው ነው። የፋይል ዕድሜና የማሽን ሰዓት ብዬ ሳነብለት እንዲደገምለት የጠየቀው እሱ ነው።

አወቅህ እንዴ ያን ቀን አልኩት። እጁን ከፊደል ሰሌዳው አነሣ።

«አውቄ ነበር» አለኝ። «ብነግርሽ ትሄጅ የለ? እኔስ ምን ልሆን ነው ብየ ፈራሁ። ሰኔ ካለፈ በኋላ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንችን ፈራሁ።»

አልጮኽኩም። ማሽኑ ማንበቡን አላቆመም ነበርና በራሴ ድምፅ ላይ መጮኽ አልሆነልኝም። ክንዱ ቀጥሎ ሌላ ነገር አለኝ፤ ያን ባይለኝ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። «በማሽኑ ያለችው ይችኛዋ ያን ጊዜ የነበርሽው ነሽ፤ ክንፈሚካኤል ከጆንያው ማዶ እያለ። ለእኔ እንዲህ አርገሽ አንብበሽልኝ አታውቂም» አለ። ጥፋቱን በኔ ላይ ያዞረው መስሎኝ ነበር፤ ቀስ ብዬ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። በዚያ ድምፅ ለማንም አንብቤ አላውቅም፤ አሁንም የለኝም። ያለው እዚያ ማሽን ውስጥና በየአገሩ ነው።

በሳምንቱ ልብሴንና አንደኛውን ኮምፒውተር ይዤ ወደ ቡሬ መጣሁ። አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጽሕፈት ከፍቻለሁ። የክንዱ ምግብ ወይኒቱ ዘንድ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማሽኑን እሱ ራሱ ይከፍታል። የእናቴን አደራ አፍርሰሻል የሚለኝ ብዙ ነው። እኔ ግን አደራው ማንበብ ከሆነ እየተነበበለት ነው። የፈለገው ድምፄን ነበር፤ እሱን ትቼለት መጣሁ።

ስሜን የመጀመሪያው መስመር ላይ እጽፋለሁ ያልከውን ተወው። አንዲት ሴት ተናጋሪ የሚለው ይሻላል፤ ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም። ልትጽፍ ካማረህ ግን ሰነዱ መጀመሪያ ላይ ለአገርህ ሰው አንዲት ነገር ጻፍ። ሰዓታችሁ ትክክል ቢሆንም ከመጀመራችሁ በፊት ዓመቱን እዩ በል።

አሁን የእናትህን ነገር ነግሬህ ላብቃ። አክስቴ አገሬ መሄዴን ሳይሰሙ ከጥምቀት በኋላ ሊጠይቁን ፍኖተ ሰላም ወረዱ። ክንዱ ሽንት ቤት ሄዶ ኖሮ ማሽኑ ብቻውን እያነበበ ነው። እሳቸው በር ላይ ቆመው «ታንጉት፣ ነይ ውጭና ሳሚኝ እንጅ» ይላሉ፤ ድምፄ ማንበቡን ይቀጥላል። ደግመው ጠሩ። ይቺ ልጅ ንቃኛለች ብለው ተቆጥተው ሊመለሱ ሲሉ ክንዱ ደረሰ። ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም። በማግስቱ መኪና ተሳፍረው ቡሬ እኔ ዘንድ መጡ፤ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲዳብሱኝ ቆዩ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ድምፄን እንደቀዳሁ፣ አንተም ከትፈህ እንደቀጠልከው፣ እኔ ሳልኖር እንደሚያነብ ነገርኳቸው።

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲያ የኔው ምስክርስ በየበዓሉ የሚደውልልኝ እሱ ራሱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አንተ መልስላቸው።

ታንጉት